ከደለል እስከ ጣሪያ ውሃ፦ የአንባቢዎች ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ግንቦት ሲጋመስ ወደዚህ ዓምድ የሚመጡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ውሃ ናቸው። ጀሪካኑ ባዶ የሚሆንበት፣ ሰማዩ ደግሞ መጥቆር የሚጀምርበት ወቅት ስለሆነ አያስገርምም። ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል የብዙ ሰው ጥያቄ የመሰሉኝን መርጬአለሁ፤ ርዝመታቸውን ቀንሻለሁ፣ ሐሳባቸውን ግን አልነካሁም።

«የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ። በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ስለ ውሃ ጥበቃ እንዳስተምር ተጠይቄ ሁለት ጊዜ ተናገርሁ። ሰዉ አዳመጠ፣ አጨበጨበ፣ ሄደ። የተለወጠ ነገር ግን የለም። ምን ጎደለኝ?»

የዕድር ሰው አንዳንድ ጊዜ የሚያጨበጭበው ንግግሩ ስላለቀለት መሆኑን እርስዎም ሳያውቁት አይቀሩም። «ውሃ ሕይወት ነው» ሲባል የሚቃወም ሰው የለም፤ የሚቃወመው የሌለው ነገር ደግሞ ማንንም ከመቀመጫው አያስነሳም። ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ንግግሩን ትተው ሁለት ባዶ የሃይላንድ ጠርሙሶች ይዘው ይሂዱ። ሁለቱንም አጋድመው የላይኛውን ጎናቸውን በቢላ ቆርጠው ያንሡ። በአንደኛው ከማሳ የመጣ ባዶ አፈር፣ በሌላው ሣሩ ከነሥሩ ያለበት አፈር ይሙሉና አፋቸው ወደ ታች እንዲያዘቀዝቅ ድንጋይ ላይ ደገፍ አድርገው ያስቀምጧቸው፤ ከእያንዳንዳቸው አፍ ሥር አንዳንድ ብርጭቆ ያኑሩ። ከዚያ ቂጧ በምስማር በተበሳሳች ጣሳ እኩል መጠን ያለው ውሃ ያርከፍክፉባቸው። ከባዶው አፈር የሚወርደው ውሃ ቶሎ ይደርሳል፣ መልኩም ወተት የገባበት ቡና ይመስላል፤ ከሣሩ የሚወርደው ዘግይቶና እየተንጠባጠበ ይመጣል፣ ጠራ ያለም ነው።

የደፈረሰውን ብርጭቆ ከፍ አድርገው «ይህ የት የሚገባ ይመስላችኋል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ የጎንደር ከተማ የመጠጥ ውሃ የምታገኝበት አንገረብ ግድብ ነው። ከግድቡ በላይ ያለው ተዳፋት የሚታረስ መሬት ነው፤ የጎንደር ዝናብ ደግሞ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ጥቂት ወራት ስለሚወርድ፣ አዲስ የታረሰው አፈር ገና ቡቃያ ሳይሸፍነው ጎርፉ ያገኘዋል። ያ አፈር ግድቡ ውስጥ ገብቶ ይረጋል፤ ደለሉ የያዘውን ቦታ ውሃ ሊይዘው አይችልም። ግድቡ ከውጭ ሲያዩት ያው ግድብ ነው፣ ውስጡ ግን ከዓመት ዓመት እየጠበበ ይሄዳል። ብዙዎቻችን የውሃ ፈረቃ ሲራዘም የምንቆጣው በቧንቧውና በሠራተኛው ላይ ነው፤ ቁጣው አንዳንዴ ተገቢ ቢሆንም የችግሩ አንድ ጫፍ ግን ከከተማዋ በላይ ባለው ማሳ ላይ ነው።

ታዲያ ትምህርቱ ወደ ላይኛው ገበሬም መውጣት አለበት፤ ሲወጣም «ለከተማው ስትሉ እርከን ሥሩ» ብሎ መጀመር የለበትም። የጎንደር ሰው ቧንቧ እንዲሞላለት ብሎ ከጠባብ መሬቱ ላይ የሚቀንስ ገበሬ አይገኝም። እርከኑ የራሱን አፈር ስላቆየለት፣ በእርከኑ ጠርዝ ላይ የተተከለው ዴሾ ሣርም ታጭዶ ላሙን ስለቀለበለት ግን ማንም ሳይቆጣጠረው ይንከባከበዋል። ለዕድርዎ አባላት ደግሞ አንድ ሥራ ብቻ ይምረጡና ቀን ይቁረጡለት፤ ለምሳሌ ከሰኔ በፊት የሰፈራችሁን የጎርፍ መውረጃ ከፌስታልና ከቆሻሻ ማጽዳት። በሚቀጥለው ወር ከሬሳ ሣጥን ሒሳቡ ቀጥሎ ይህ ሥራ ተሠርቷል ወይስ አልተሠራም ተብሎ ይጠየቅ።

«ከአዘዞ የምጽፍ እናት ነኝ። ቤቴ የቆርቆሮ ክዳን አለው። የዝናቡን ውሃ ማጠራቀም ያዋጣኛል? ለመጠጥስ ይሆናል?»

ማዋጣቱን በቀላል ሒሳብ ያዩታል፤ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። ክዳንዎ 40 ካሬ ሜትር ቢሆንና አንድ ከሰዓት በኋላ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 800 ሊትር ይሆናል። ከአሸንዳው የሚፈሰውንና የሚረጨውን አንድ አምስተኛ ቢቀንሱ እንኳ 640 ሊትር ይቀርልዎታል፤ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 32 ጊዜ የሚሞላ ማለት ነው። ሮቶ መግዛት ካልተቻለ ንጹሕ በርሜልም ይበቃል። ቀደም ሲል ኬሚካል ወይም ዘይት የያዘ በርሜል ግን አይጠቀሙ።

በጋውን ሙሉ ክዳኑ ላይ የተከማቸውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚወርድ የመጀመሪያው ዝናብ እንዲያልፍ ይተዉት። የበርሜሉ አፍ ሁልጊዜ ይከደን፤ ያልተከደነ ውሃ የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። ለልብስ፣ ለወለልና ለጓሮ አትክልት እንዳለ ይጠቀሙበት። ለመጠጥ ከፈለጉት በንጹሕ ጨርቅ አጥልለው ያፍሉት፤ እዚህ ላይ አንድ የአካባቢያችን ነገር አለ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ከቆላው ባነሰ ሙቀት ነው፤ በመሆኑም ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ቢያንስ 3 ደቂቃ እሳት ላይ ይቆይ። ሲያወርዱትም አፉ ጠባብ በሆነ፣ ኩባያ በማይጠለቅበት ዕቃ ያስቀምጡት።

«ቧንቧችን ዘግተነውም ጠብ ጠብ ይላል። ባለቤቴ ኢምንት ነው ይላል። እውነቱን ነው?»

ከሥሩ የአንድ ሊትር ዕቃ አስቀምጡና ሰዓት ያዙ። በአንድ ሰዓት ከሞላ በቀን 24፣ በወር 720 ሊትር ይሄዳል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ያረጀችው ውስጧ ያለችው ትንሽ ጎማ ናት፤ ለባለቤትዎ ከክርክሩ ይልቅ ጎማዋን መቀየር ይቀላቸዋል።

«የምንቀዳበት ምንጭ ባለፉት ዓመታት እየቀነሰ መጥቷል። ከላዩ የጎረቤታችን ባሕር ዛፍ አለ። ይቆረጥ ብንል ጠብ ይሆናል።»

ባሕር ዛፍ ውሃ አጥብቆ የሚስብ ዛፍ ስለሆነ ከምንጭ አጠገብ ቦታው አይደለም፤ ጥርጣሬያችሁ መሠረት አለው። ነገር ግን ለጎረቤታችሁ ያ ዛፍ ማገዶም፣ ማገርም፣ የክፉ ቀን ገንዘብም ነው፤ ስለዚህ «ቁረጥ» ብሎ መሄድ ጠቡን ከመጥራት አይለይም። ለሽያጭ በሚደርስበት ጊዜ ቆርጦ ከምንጩ ራቅ ባለ ቦታ እንዲተክል፣ ከምንጩ ተጠቃሚዎችም ችግኝና ጉልበት እንዲዋጣለት በሽማግሌ ተነጋገሩ። በቦታው ወይራ፣ ዋንዛ ወይም ሌላ የአገር ዛፍ ይተካ። ምን ዓይነት ዛፍ ለቦታው እንደሚስማማ ለማወቅ ሩቅ አትሂዱ፤ በአቅራቢያችሁ ያለውን የደብር ዐፀድ ተመልከቱ።

ምንጩን ራሱን ደግሞ እጠሩት፤ ከብት ለብቻው ወደ ታች ገንዳ ይኑረው። ከምንጩ በላይ ጎርፉን ወደ ጎን የሚያወጣ ቦይ ቆፍሩ፤ መጸዳጃ ቤት ከምንጩ በታች በኩል፣ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ይሠራ።

«ቀሃ ወንዝ ዳር መኪና በማጠብ የምተዳደር ወጣት ነኝ። ሰዎች ወንዙን አበላሸህ ይሉኛል። ሌላ ሥራ ግን የለኝም። መብት የለኝም ወይ?»

ወንድሜ፣ በቅንነት ስለጠየቅህ በቅንነት እመልስልሃለሁ። የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይደነግጋል፤ ከሌላ አገልግሎት ሁሉ በፊትም ለቤት ውስጥ ፍጆታ ቅድሚያ ይሰጣል። ስለዚህ አንተም ድርሻ አለህ፣ ከአንተ በታች የምትቀዳዋ እናት ግን ትቀድምሃለች። ችግሩ መኪና ማጠብህ ሳይሆን ኦሞውና ዘይቱ ቀጥታ ወደ ወንዙ መውረዱ ነው። መኪናው ወንዙ ውስጥ አይግባ፤ ከዳሩ ራቅ ብለህ በባልዲ ቀድተህ እጠብ፤ እጣቢው ጠጠርና አሸዋ ወዳለበት ጉድጓድ ይግባ። የተቃጠለ ዘይት ጠብታዋ እንኳ መሬት ሳትነካ በጣሳ ይጠራቀም። ከጓደኞችህ ጋር ተደራጅታችሁ ለላቫጆ የሚሆን ቦታ ብትጠይቁ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። በየዓመቱ ጥር 11 የምንረጭበት የዐፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር የሚሞላው ከዚሁ ከቀሃ መሆኑን ለደንበኞችህም ንገራቸው፤ ብዙዎቹ አያውቁትም።

«የደንቢያ ገበሬ ነኝ። እምቦጩን ነቅለን ጨረስነው ስንል ተመልሶ ይመጣል። የከተማው ሰው ግን ጉዳዩ አይመስለውም። እውነት አያገባውም?»

ያገባዋል። ቀሃና አንገረብ ወንዞች ከጎንደር ከተማ የሰበሰቡትን ይዘው ወደ መገጭ ወንዝ ይገባሉ፤ መገጭም እናንተ ዘንድ አልፎ ጣና ይደርሳል። እምቦጭ ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን በቶሎ ከተስፋፋባቸው ቦታዎች አንዱ የመገጭ መግቢያ አካባቢ ነው። አረሙ የሚደልበው ከማዳበሪያ፣ ከፍሳሽና ከታጠበ አፈር በሚመጣው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው፤ ጣናም ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም፣ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ ወደ 14 ሜትር ገደማ ነው። ከነቀላችሁት የተረፈች አንዲት ቁራጭ አዲስ ቡቃያ ታወጣለች፣ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። የነቀላችሁትን ዳር ላይ ከምራችሁ ከተዋችሁት የክረምቱ ሙላት መልሶ ይወስደዋል፤ ሙላቱ ከሚደርስበት በላይ አውጥታችሁ አድርቁት። ማዳበሪያም ከባድ ዝናብ ሊጥል ሲል አይበተን፤ ገንዘባችሁን ነው ለእምቦጩ የምታበሉት።

ከላይ የጻፉልን የዕድር ጸሐፊ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ ሁለቱን ሃይላንዳቸውን ይዘው ከአባሎቻቸው ጋር አንድ ቅዳሜ ወደ ደንቢያ ቢወርዱ፣ እርስዎም ከነቀላችሁት ክምር አጠገብ ቢቀበሏቸው ደስ ይለኛል። ሁለታችሁም ከተስማማችሁ አገናኛችኋለሁ።