ቴስታ ለምትወዱ ልጆች

ልጆች፣ ኳስ አትጫወቱ ልላችሁ አይደለም። እንጀራዬን የበላሁት ከኳስ ነው። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ሜዳ ላይ ግን ሁሉም ወጌሻ ነው የሚለኝ። ቦርሳና በረዶ ይዤ ስሮጥ ነው ያረጀሁት። ሰው ሲያገኘኝ ስለ ጉልበቱ ይጠይቀኛል፣ ስለ ቁርጭምጭሚቱ ይጠይቀኛል። ስለ ጭንቅላቱ የሚጠይቀኝ ግን የለም። እንግዲህ ሳትጠይቁኝ ልናገር።

ቴስታ አንጎልን ይጎዳል የሚለው ነገር ጎልቶ የወጣው እንግሊዝ አገር ነው። ጄፍ አስል የሚባል የዌስት ብሮምዊች አጥቂ ነበር፤ በ1968 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ የማሸነፊያዋን ጎል ያገባው እሱ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው)። ቴስታ ላይ አይቻልም ነበር። በ2002 ገና በ59 ዓመቱ ሞተ፤ ከመሞቱ በፊት ግን የመርሳት በሽታ ጨርሶታል። የአሟሟቱን ምክንያት ያጣሩት ባለሥልጣን ከሥራው የመጣ በሽታ ነው የገደለው ብለው ወሰኑ። ሥራው ደግሞ ኳስ በግንባር መግጨት ነው! በ2014 አንጎሉ እንደገና ሲመረመር ሲቲኢ ተገኘበት። ሲቲኢ ድሮ በቦክሰኞች የሚታወቅ፣ ጭንቅላት ደጋግሞ ሲመታ የሚመጣ በሽታ ነው፤ እስካሁን በእርግጠኝነት የሚታወቀውም ሰውየው ከሞተ በኋላ አንጎሉ ሲታይ ነው።

በ1966 ለእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ከተሰለፉት 11 ሰዎች አምስቱ፣ ማለትም ሬይ ዊልሰን፣ ማርቲን ፒተርስ፣ ኖቢ ስታይልስና ሁለቱ ወንድማማቾች ጃክና ቦቢ ቻርልተን፣ መጨረሻቸው የመርሳት በሽታ ሆነ። ሽማግሌ መቼም ይረሳል፣ አምስት ሰው ማስረጃ አይሆንም ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፣ አይሆንም።

ለዚህ ነው በ2019 የወጣው የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ጥናት ትልቅ ወሬ የሆነው። ዶክተር ዊሊ ስቱዋርትና ባልደረቦቹ 7,676 የቀድሞ የስኮትላንድ ፕሮፌሽናሎችን በዕድሜና በኑሮ ከሚመስሏቸው 23,028 ሰዎች ጋር አስተያዩ። ተጫዋቾቹ በልብ በሽታና በሳንባ ካንሰር የሞቱት ያነሱ ናቸው፤ ኳስ ልብን እንደሚጠቅም እዚያው ላይ ታየ። የመርሳት በሽታን በመሳሰሉ የአንጎል መመናመን በሽታዎች የሞቱት ግን ሦስት እጥፍ ተኩል ሆኑ። በኋላ ስዊድኖች የራሳቸውን ዋና ሊግ ተጫዋቾች አጥንተው ያገኙት አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው። ቁጥሩ ይለያያል፣ የሚያሳየው አቅጣጫ ግን አንድ ነው።

እኔን ያሳመነኝ ሌላ ነገር ነው። በረኛው። የግላስጎው ሰዎች በ2021 ተጫዋቾቹን በቦታ ሲለዩአቸው ተከላካዮች ላይ አምስት እጥፍ ደረሰ፤ በረኞች ግን ከተራው ሰው ብዙም አልራቁም። ስዊድን ውስጥም በረኛው ተረፈ። በረኛ እኮ ያው አውቶቡስ ነው የሚሳፈረው፣ ያው ሆቴል ነው የሚያድረው፣ ከጨዋታ በኋላም አብሮ ነው የሚጠጣው። ከተከላካዩ የሚለየው ኳስ በግንባሩ አለመግጨቱ ነው። ይህ መቶ በመቶ አረጋገጠ አልልም፤ ተከላካይ ከሰው ጋርም ይጋጫል፣ ክርንም ይቀምሳል። ግን ጣታችንን ወዴት እንደምንቀስር ይነግረናል።

«ያ እኮ የድሮ የቆዳ ኳስ ነው፣ ዝናብ ሲጠጣ ድንጋይ የሚሆነው» የሚል አይጠፋም። ደረቅ ሲሆን የያኔውም የዛሬውም ክብደት ተቀራራቢ ነው፤ የዛሬው ከ410 እስከ 450 ግራም ነው። የዛሬው ውሃ አይጠጣም፣ ግን ይፈጥናል። ደግሞም ስኮትላንዶቹ ተጫዋቾቹን በተወለዱበት ዘመን ሲለዩአቸው የቅርቦቹም አልዳኑም።

አንጎል በፈሳሽ ውስጥ ነው የተቀመጠው። ኳሱ ግንባርን ሲመታ በቅል ውስጥ እንዳለ ወተት ይናጣል፤ ቀጫጭኖቹ የነርቭ ክሮች ይሳባሉ። አንድ ቴስታ ምንም ላይመስል ይችላል። ራስ አያዞርም፣ አያምም። የሚፈራው ድምሩ ነው፤ ድምሩ ደግሞ የሚከማቸው በጨዋታ ብቻ ሳይሆን በልምምድ ነው። አሰልጣኙ ከመስመር ያሻማል፣ ልጁ ይገጫል፣ እንደገና ያሻማል፣ ልጁ ይገጫል፣ እስኪመሽ። እንግሊዞች ከ2021 ጀምሮ ለትልልቆቹ በሳምንት ልምምድ ከ10 በላይ ጠንካራ ቴስታ አይሁን ብለዋል። ከ11 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ደግሞ ከ2020 ጀምሮ በልምምድ ላይ ቴስታ አይሠሩም። አሜሪካኖች 10 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑት በ2015 ከልክለዋል። እኛስ? ሰፈር ሜዳ ሂዱና እዩ፤ የ9 ዓመት ልጅ የአዋቂ ቁጥር 5 ኳስ፣ ያውም እስኪፈነዳ የተነፋ፣ በግንባሩ ካልገጨ ፈሪ ይባላል። ታዳጊ የምታሠለጥኑ ወንድሞች፣ ኳሱን ትንሽ አስተንፍሱት፣ ለልጁ ትንሹን ኳስ ስጡት፣ ዝላዩን በእጅ በተወረወረ ቀላል ኳስ ይማር። ሌላው ይደርሳል።

ግጭትን በተመለከተ ደግሞ አንድ የመሀል ተከላካይ አለ፣ አልረሳውም። ከአጥቂው ጋር ግንባር ለግንባር ተላተሙ። ስደርስ ዓይኑ ተከፍቷል፣ ደም የለም። «ደህና ነኝ ጋሼ» አለና ማሊያውን እያስገባ «ስንት ለስንት ነን?» አለኝ። ጎሏን ያገባው እኮ ራሱ ነው! ይውጣ ስል ከተጠባባቂ ወንበር «ውሃ አፍስበትና ይግባ» ተባልኩ። ተጨቃጨቅን፣ ወጣ። ሌሊቱን ሲያስመልሰው አደረ።

የደነዘዘ፣ ውጤቱ የጠፋበት፣ ብርሃን ያስጠላው፣ ያቅለሸለሸው ልጅ በዚያ ቀን አይመለስም። በቃ። አንጎሉ ሳያገግም ሁለተኛ ቢመታ፣ በተለይ ወጣት ከሆነ፣ እምብዛም ባይሆንም አብጦ ሊገድለው ይችላል። የብሪታንያ መመሪያ ለአማተር ተጫዋች ቢያንስ 21 ቀን ሳይሞላው ውድድር አይግባ ይላል። ለጭንቅላት ጉዳት የተለየ ቅያሪም ከ2024 ጀምሮ ውድድሮች ከፈለጉ እንዲጠቀሙበት በጨዋታው ሕግ ውስጥ ገብቷል፤ ቡድኔ ሰው ይጎድልበታል የሚለው ሰበብ ድሮም አይረባም ነበር፣ አሁን ጭራሽ።

ዓመታት የገጫችሁ ትልልቆች ቁልፍ በጠፋባችሁ ቁጥር አትደንግጡ። የመርሳት በሽታ መንስኤው አንድ አይደለም፤ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ መጠጥ፣ የጆሮ መድከም፣ ብቸኝነት ሁሉም አሉበት። ያለፈውን ቴስታ መመለስ አይቻልም፣ ግፊት ግን ይለካል፣ ይታከማል። ብዙ ኳሰኛ ጫማ ሲሰቅል መሮጡንም አብሮ ይሰቅላል፤ ቢራው ግን ይቀጥላል። ይኼ ነው የሚያናድደኝ።

ኳስ ተጫዋች የነበረ አባት ወይም አጎት ያላችሁ ደግሞ፣ ያንኑ ወሬ ደጋግሞ ካወራላችሁ፣ የለመደው መንገድ ከጠፋበት፣ ያለ ጠባዩ ቁጡ ከሆነ፣ «ጃጅቷል» ብላችሁ አትተዉት። ሐኪም ቤት ውሰዱት። የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና ድብርት የመርሳት በሽታ መስለው ይመጣሉ፤ እነዚህ መድኃኒት አላቸው። ሐኪሙ ስለ ስኳሩና ስለ ግፊቱ ሲጠይቃችሁ ኳስ ተጫዋች እንደነበረ፣ በየትኛው ቦታ ስንት ዓመት እንደተሰለፈ፣ ሜዳ ላይ ራሱን ስቶ ያውቅ እንደሆነም ንገሩት፤ ካርዱ ላይ እንዲጽፈውም ጠይቁት።