ዘበኛው ንስሐ ይግባ ወይስ አይግባ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ዕድሜዬ 26 ነው። የምኖረው ደብረ ብርሃን ሲሆን፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤት አገልግያለሁ። አሁን ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ የቤተ ክርስቲያን ዘበኛ ነው፤ ልጁ ስትታመምበት ከሙዳየ ምጽዋቱ ገንዘብ ይሰርቃል። ይህንን ለንስሐ አባቴ ባጫውታቸው፣ «ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ መጻፍ ውሸት አይደለም ወይ? የቤተ ክርስቲያንን ሰው ሌባ ማድረግስ ማንን ይጠቅማል?» አሉኝ። ጓደኞቼ በበኩላቸው መጨረሻው ላይ ንስሐ ካልገባ መጽሐፉ ክርስቲያናዊ አይባልም ይላሉ። ለእምነቴ ብዬ የጀመርኩት ሥራ ጭንቀት ሆነብኝ። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ልኬአለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ በዕድሜ ልጄ ነሽና አንቺ ልበልሽ። ገጾችሽን ሁለት ጊዜ አነበብኳቸው፤ የምነቅፈው ስላለኝ ነው እንጂ ስላልወደድኳቸው አይደለም።

በውሸቱ ልጀምር። ውሸታም የሚዋሸው ሰሚው እውነቱን እንዳያይ ነው። ነቢዩ ናታን የሰው ሚስት በወሰደው ዳዊት ፊት ቆሞ የድሃውን አንዲት በግ ስለ ቀማው ሀብታም ያወጋው ግን ንጉሡ ራሱን እንዲያይ ነበር። ያ ድሃ ቤቱ የት እንደ ነበር የጠየቀ የለም። ደግሞ ናታን እንዴት እንደ ተረከ ልብ በዪ። «አንዲት በግ ነበረችው» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ አላለፈም። ከልጆቹ ጋር እንዳደገች፣ ከድሃው ምግብ እንደምትካፈል፣ ብብቱ ውስጥ እንደምትተኛ ተናገረ። ዳዊትን ያስቆጣው ይህ ብብት ይመስለኛል። ንጉሡ ፍርዱን ከሰጠ በኋላ ነው «ያ ሰው አንተ ነህ» የመጣው። ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ ናታን ከቤተ መንግሥቱ በእግሩ መውጣቱን እጠራጠራለሁ።

ሌባ በመጻፍሽም አትሸማቀቂ። የኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ የካቲት 16፣ ስለ በላዔ ሰብእ ስትሰሚ አድገሻል። ሰባ ስምንት ሰው የበላ፣ ቤተሰቡን እንኳ ያልማረ ሰው ነው፤ ታሪኩ በተአምረ ማርያም ይነበባል፣ ሥዕሉም በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ይሣላል። (ተአምሩን ከልብ ወለድ ጋር እያወዳደርኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ ባለፈው እትም በአንዲት ቃል ስንት ደብዳቤ እንደ ደረሰኝ አዘጋጁ ያውቃል።) ለማለት የፈለግኩት፣ አባቶቻችን ኃጢአተኛውን አሳንሰው አልነገሩንም። በእመቤታችን ስም ለለመነው ለተጠማ ሰው የሰጣት አንዲት ጥርኝ ውኃ ክብደት ያገኘችው በሌላው ሚዛን ላይ ሰባ ስምንት ነፍስ ስለ ተቀመጠ ነው።

አሁን ወደ ጓደኞችሽ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ለትንሣኤ በዓል ድራማ ጽፌ ነበር። ሰካራሙ አባት ሚስቱን ሲያስለቅስ ይቆያል፤ ከመጋረጃው በስተጀርባ መዝሙር ሲሰማ ጠርሙሱን ይጥልና ይንበረከካል። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። በማግሥቱ አጎቴ፣ ነፍሱን ይማርና ጠጪ ነበር፣ አጥር ጥግ አስቁሞ፣ «እኔ ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ስንት ጊዜ እንደ ተመለስኩ ታውቃለህ። ያንተ ሰውዬ በአንድ መዝሙር ዳነ። የት ነው የሚዘመረው?» አለኝ። ሊያፌዝብኝ አልነበረም። እውነቱን ነበር የጠየቀኝ። ለእርሱ ስል የጻፍኩት ድራማ እርሱን ብቻ ከደጅ አስቀርቶት ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ገጸ ባሕርይ በጊዜው ሳይደርስ አስገድጄ አላንበረከክሁም።

ጓደኞችሽ ግን ያለ ምክንያት አልተነሡም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው፣ ለዘርፉ ስም ያወጣለት «ልብ ወለድ ታሪክ» ራሱ የሚያበቃው አረማዊው ንጉሥ ክርስቲያን ሆኖ በሚፈጸም ጋብቻ ነው። መጽሐፉን ሳስብ ግን ቶሎ የምትመጣልኝ የወንድ ልብስ ለብሳ አገር ለአገር የምትንከራተተው ጦብያ ናት እንጂ ጥምቀቱ አይደለም። በሌላ በኩል፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉት ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ዋናውን ገጸ ባሕርይ በዛብህን ገና በሕፃንነቱ ሳያገባ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል የተሳሉትን የወላጆቹን ስለት አሸክመውታል። ስለቱ ትክክል ነው ወይም አይደለም ብሎ የሚፈርድ ሰባኪ አላቆሙበትም። ልጁ ተሸክሞት ይሄዳል፣ እኛም አብረነው እንከብዳለን።

ዘበኛሽ ንስሐ ይግባ ወይስ አይግባ? እኔ አላውቅም፤ አንቺም ገና አታውቂም። የጠፋው ልጅ ታላቅ ወንድም ከደጅ ቆሞ አባቱ ሲለምነው ይግባ አይግባ ወንጌሉ አልነገረንም።

ገጾችሽ ላይ ያለኝ ቅሬታ ሌላ ነው። በየምዕራፉ ራስ ላይ ያስቀመጥሻቸውን ጥቅሶች አውጫቸው፤ አንባቢው ገና ሳይሰማው ምን ሊሰማው እንደሚገባ ይነግሩታል። ከዚያ ደግሞ ዘበኛው «ብዙ ገንዘብ» ወሰደ ትያለሽ። ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ብዙ ገንዘብ ማለት ምንድን ነው? የተጨማደደ አሥር ብር፣ አራት ቦታ የታጠፈ አምስት ብር፣ ሳንቲም ነው። ጧፍና ዕጣን የሚሸት ነው። ይህን ተሸክሞ መድኃኒት ቤት ሲገባ ምን ይሆናል? ሌሊቱን በጉልበቱ ላይ እያስተካከለ ሲዘረጋው አድሮ ይሆን? አንቺ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ከቤተ ክርስቲያኑ አውጥተሽ ሆስፒታል አደረስሽው።

የንስሐ አባትሽንም አትሽሺያቸው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ይዘሽ ሂጂና አንብቢላቸው፤ ሣጥኑ በማን ፊት እንደሚከፈት፣ ቆጠራው ላይ እነማን እንደሚቆሙ ጠይቂያቸው። ከእኔ በላይ የሚያውቁት ነገር ነው፤ ካልተሳሳትኩ እየነገሩሽ ሳለ ስለ አንድ ዘበኛ ማውራታቸው አይቀርም።

የመድኃኒት ቤቱን ገጽ ጽፈሽ ላኪልኝ። ብሮቹን ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ የሚቆጥረው ማን እንደሆነ ግን አስቀድመሽ ወስኚ፤ እርሱ ነው ወይስ ሻጭዋ?