አንድ የዩኤስቢ ፕሪንተር ለሦስት ኮምፒውተር

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። ጅማ አጂፕ ሰፈር ያለው ቤታችሁ ውስጥ አንድ ካኖን ኤምኤፍ3010 ፕሪንተር አላችሁ፤ ዋይፋይ የለውም፣ ዩኤስቢ ብቻ ነው። አንድ ዴስክቶፕና ሁለት ላፕቶፕም አሉ፣ ሁሉም ዊንዶውስ። ገመዱን እየነቀሉ መሰካት ሰልችቷችኋል። ሼር ስታደርጊው ደግሞ አንደኛው ላፕቶፕ ፓስወርድ እየጠየቀ አላስገባ አለ። ስለዚህ ዋይፋይ ያለው አዲስ ልግዛ ወይ ብለሻል።

አትግዢ። ያለሽ ይበቃል። እኔ ቆጪ አካባቢ የጽሕፈትና የኅትመት ሥራ ነው የምሠራው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ በሚያስጠርዙበት ሰሞን ሁሉም ኮምፒውተሮቻችን በአንድ የዩኤስቢ ፕሪንተር ላይ ነው የሚረባረቡት። በደንብ ከተዘጋጀ አያስቸግርም።

መጀመሪያ ፕሪንተሩ የትኛው ኮምፒውተር ላይ እንደሚቀር ወስኚ። ዴስክቶፑ ላይ ይሁን። ላፕቶፕ ላይ ከሰካሽው ባለቤቱ ይዞት በወጣ ቁጥር ሌላው ሰው ማተም አይችልም። ዴስክቶፑ መብራት እስካለ ድረስ እንዳይተኛ አድርጊው፤ ስክሪኑ ቢጠፋ ችግር የለውም፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ስሊፕ ከገባ ግን ፕሪንተሩ ከኔትወርኩ ይጠፋል። ብዙ ሰው "ትናንት ሠርቶ ዛሬ እምቢ አለኝ" ሲል አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ለዚህ ሁሉ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ፓኬጅ ቢያልቅም ራውተሩ እስከበራ ድረስ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ ይገናኛሉ። ሦስቱም አንድ ዋይፋይ ላይ ይሁኑ፣ ለእንግዳ ተብሎ የተከፈተው ላይ ግን አይሁኑ። የእንግዳ ዋይፋይ አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሮቹ እንዳይተያዩ ይከለክላል። በሦስቱም ላይ ኔትወርኩን "ፐብሊክ" ከሚለው ወደ "ፕራይቬት" ቀይሪው። ከዚያ በሼሪንግ ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርክ ዲስከቨሪንና ፋይልና ፕሪንተር ሼሪንግን አብሪ። ዴስክቶፑ ላይ ወደ ፕሪንተር ፕሮፐርቲስ ግቢ፣ ሼሪንግ የሚለውን ክፈቺና ሼር አድርጊው። ስሙ አጭር፣ ክፍተት የሌለውና በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ ይሁን።

አሁን ወደ ፓስወርዱ እንምጣ፤ ዋናው ጣጣ እሱ ነው። ሰው ሁሉ የሚመክርሽ "ፓስወርድ ፕሮቴክትድ ሼሪንግን (ሼር የተደረገውን ለመጠቀም ፓስወርድ የሚያስጠይቀውን ሴቲንግ) አጥፊው" ብሎ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። አንደኛ፣ አዳዲሶቹ የዊንዶውስ 11 እትሞች፣ በተለይ ፕሮ 24ኤች2፣ ያለ ፓስወርድ በእንግድነት መግባትን ራሳቸው ይከለክላሉ። ዴስክቶፑ ላይ ብታጠፊውም ላፕቶፑ እምቢ ሊል ይችላል። ሁለተኛ፣ ፕሪንተሩን ብቻ አይደለም የምትከፍቺው፤ ዋይፋይሽን የሚያውቅ ሁሉ ሼር ያደረግሽውን ፎልደርም ሊያይ ይችላል።

ከዚያ የሚሻለው ዴስክቶፑ ላይ ለኅትመት ብቻ የሚሆን አንድ ተራ አካውንት መክፈት ነው። የማይክሮሶፍት አካውንት አያስፈልገውም፣ አድሚን መሆንም የለበትም። ፓስወርድ ግን የግድ ይኑረው። ከዚያ በእያንዳንዱ ላፕቶፕ ላይ ክሬደንሻል ማናጀርን (ዊንዶውስ ፓስወርዶችን የሚያስቀምጥበትን ቦታ) ክፈቺና የዴስክቶፑን ስም፣ የአዲሱን አካውንት ስምና ፓስወርዱን መዝግቢ። አንዴ ከተመዘገበ ሁለተኛ አይጠይቅሽም። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ኮምፒውተሩን የምትከፍቺበት አራት አሃዝ ፒን በኔትወርክ በኩል አይሠራም። ፒን የዚያ ማሽን ብቻ ነው። ላፕቶፕሽ ሲጠይቅሽ የነበረው ፒኑን ሳይሆን የአካውንቱን ፓስወርድ ነው።

ድራይቨሩን (ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባውን ሶፍትዌር) በሁለቱም ላፕቶፖች ላይ አስቀድመሽ ጫኚ፣ ከዴስክቶፑ ይመጣል ብለሽ አትጠብቂ። በ2021 እ.ኤ.አ. ፕሪንት ናይትሜር የተባለው የደኅንነት ቀዳዳ ከተገኘ በኋላ ማይክሮሶፍት ነገሩን አጥብቆታል። ድራይቨር በኔትወርክ ለመጫን አሁን የአድሚን ፈቃድ ይፈልጋል። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የወጣው አፕዴት ደግሞ ብዙ ሰው መጨረሻው 11ቢ የሆነ የስህተት ቁጥር እንዲያይ አደረገ። ያኔ ሪጂስትሪ (የዊንዶውስ የውስጥ ሴቲንግ መዝገብ) ውስጥ ገብቶ መከላከያውን ማጥፋት በየቴሌግራሙ ተሰራጨ፤ እስከ ዛሬም ይመከራል። እባክሽ አታድርጊው። ሦስቱንም ኮምፒውተሮች አፕዴት አድርጊ። ያኛው ስህተት ወይም መጨረሻው 709 የሆነው ከቀጠለ ሌላ መንገድ አለ።

ላፕቶፑ ላይ ፕሪንተር በእጅ ጨምሪ የሚለውን ምረጪና "ሎካል ፕሪንተር" በይው። አዲስ ፖርት ፍጠሪ፣ ዓይነቱ "ሎካል ፖርት" ይሁን። በስሙ ቦታ ላይ ሁለት ወደ ኋላ ያዘነበሉ ጭረቶች (\\)፣ የዴስክቶፑን ስም፣ አንድ ጭረት (\)፣ ከዚያ ለፕሪንተሩ የሰጠሽውን ስም ጻፊ። ድራይቨሩን ከዝርዝሩ ምረጪ። ላፕቶፑ ፕሪንተሩን የራሱ አድርጎ ያየዋል። አብዛኛውን ጊዜ እምቢ ያለውን የሚያስታርቀው ይሄ ነው፣ እኔም እየተጠቀምኩበት ነው። በአይፒ አድራሻ ፈንታ በስም ጻፊው፤ እዚህ ጅማ መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ይነሳና አዲስ አድራሻ ሊሰጥ ይችላል፣ ስም ግን አይቀየርም።

ስካን ማድረግን በተመለከተ፣ በዚህ መንገድ የሚጋራው ኅትመቱ ብቻ ነው። ስካን ለማድረግ ዴስክቶፑ ጋ መሄድ ግድ ነው። ከስልክም በቀጥታ አታትሚም፤ ፋይሉን በቴሌግራም ወደ ዴስክቶፑ ልኮ ማተም ይቀላል።

ራውተሩ ዩኤስቢ አለውና እዚያ ልሰካው የምትዪ ከሆነ አልመክርም። ሁሉም ራውተር ፕሪንተር አይቀበልም፣ የሚቀበለውም ከሁሉም ፕሪንተር ጋር አይግባባም። ለምሳሌ ብዙ ኮፒ ቤት ውስጥ የሚገኘው ኤችፒ ሌዘርጄት 1020 በበራ ቁጥር ሶፍትዌሩን ከኮምፒውተር ካልተቀበለ አይሠራም።

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየው) ካለሽ ዴስክቶፑንና ራውተሩን ስኪበት፣ ፕሪንተሩን ግን አትስኪ። ሌዘር ፕሪንተር ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ለዩፒኤሱ ይከብደዋል። በክረምት ደግሞ ወረቀቱን ከነሽፋኑ አስቀምጪው። የጅማ እርጥበት የገባበት ወረቀት ይጠቀለልና ጃም ያደርጋል፣ ሰውም ፕሪንተሩ የተበላሸ ይመስለዋል።

አካውንቱን ከፍተሽ ሞክሪውና አንደኛው ላፕቶፕ አሁንም እምቢ ካለ የዊንዶውሱን እትምና የሚያሳይሽን የስህተት ቁጥር ጻፊልኝ። ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ።