የቀጥታ ስርጭቱ በክሮም ለምን ዝም አለ?

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ ለሚኖሩ ወገኖቻችን የሚያገለግል የአማርኛ ሬዲዮ ድረ ገጽ አዘጋጃለሁ። ድረ ገጹን ወደ ኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም ግንኙነቱ ወደሚመሰጠርበት አድራሻ፣ ካዛወርሁት ወዲህ የቀጥታ ስርጭቱ በክሮም አይሰማም። የስርጭቱ አድራሻ በኤችቲቲፒ ጀምሮ በ8000 ቁጥር ያበቃል። አድማጮቼ በየብሮውዘራቸው ገብተው ያልተመሰጠረ ድምፅን የሚያግደውን ጥበቃ እንዲያነሡ ልንገራቸው?

መልስ፦ እባክዎ ይህን አይንገሯቸው፤ ለአንድ ሬዲዮ ሲሉ ማስጠንቀቂያን መናቅ የለመዱ ሰዎች ነገ በሌላ ገጽም ይንቁታልና። ገጽዎ ተመስጥሮ ሲጓዝ ድምፁ ግን ሳይመሰጠር ይመጣል፤ በመንገድ ላይ ያለ ሰው ምን እንደሚሰማ ሊያይ፣ ድምፁንም በሌላ ሊተካው ይችላል። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክሮም እንዲህ ያለውን የድምፅ አድራሻ ራሱ ወደ ኤችቲቲፒኤስ ለውጦ ይሞክራል፤ የእርስዎ 8000 በር (ፖርት) ምስጠራ ስለማያውቅ ሙከራው ይከሽፋል፣ ማጫወቻውም ዝም ይላል።

ስርጭቱን የሚያስተናግድልዎ ድርጅት ካለ በመጀመሪያ የኤችቲቲፒኤስ አድራሻ እንዲሰጥዎ ይጠይቁት። አይስካስት የተባለውን የስርጭት ፕሮግራም በራስዎ ሰርቨር የሚያስኬዱ ከሆነ ግን ከፊቱ ጥያቄዎችን ተቀብሎ የሚያስተላልፈውን ኢንጂንኤክስ የተባለ ፕሮግራም ያቁሙ፤ ለስርጭቱ የራሱን የድር ስም ይስጡት፤ ሌትስ ኢንክሪፕት ከተባለው ሰጪ ለምስጠራው የሚያስፈልገውን ነፃ ሰርተፊኬት ይውሰዱለት፤ ከዚያም ኢንጂንኤክስ አድማጩን በተለመደው የኤችቲቲፒኤስ በር በ443 ተቀብሎ በውስጥ ወደ 8000 እንዲያስተላልፈው ያድርጉ። ሰርተፊኬቱ በተለመደው አሠራር የሚያገለግለው 90 ቀን ብቻ ስለሆነ እድሳቱ በራሱ የሚከናወን መሆኑን ያረጋግጡ፤ ጊዜው ሲያልፍ ገጹ ደህና መስሎ ስርጭቱ ብቻ ይጠፋል፣ ምክንያቱን መፈለግም ብዙ ያደክማል። በቆዩ ገጾች ውስጥ የቀሩትን የተቀረጹ ዝግጅቶች አድራሻም አብረው ወደ ኤችቲቲፒኤስ ያስተካክሉ።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ገጹ እንደተከፈተ ድምፁ ወዲያው ካልተሰማ ሌላ ስህተት አይፈልጉ። ክሮም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተጠቃሚው ገጹን ሳይነካ ድምፅ ያለው ነገር በራሱ እንዲጫወት በአብዛኛው አይፈቅድም። ይህን ለማለፍ ከመታገል ጉልህ የሆነ «አዳምጥ» የሚል ቁልፍ ማኖር ይሻላል፤ ድምፁ አስቀድሞ እንዲወርድ የሚያዘውን ፕሪሎድ የሚለውን የማጫወቻ ቅንብርም «ኖን» (ምንም) ያድርጉት፤ በኢትዮጵያ ሆነው በሞባይል ዳታ ለሚከታተሉዎ፣ ለማዳመጥ ሳይመርጡ የሚወርድ ድምፅ ወጪ ነው።