«ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ»

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

ዘንድሮ ፍሬሽማን ጨረስኩ። ማኅበራዊ ሳይንስ ነኝ። በሚቀጥለው ሳምንት የዲፓርትመንት ምርጫ ፎርም እንሞላለን። በልቤ አንደኛ ፖለቲካል ሳይንስ፣ ሁለተኛ ፐብሊክ አድሚኒስትሬሽን ብያለሁ።

አባቴ በቀይ ሽብር ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸውን አንድ ማታ መጥተው ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። ፎቶው እስካሁን ሳሎን ተሰቅሏል። ስለዚህ እኛ ቤት የፖለቲካ ወሬ ሲነሳ ጨዋታው ይቀየራል። ምርጫዬን ስነግራቸው «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» ብለው ቡናቸውን እንኳ ሳይጨርሱ ተነስተው ወጡ። እናቴ ደግሞ «አካውንቲንግ ሙዪና ባንክ ግቢ» ትለኛለች።

ይሄ ሐሳብ እንዴት እንደመጣልኝ ልንገርዎት። አምና ክረምት አያቴን መታወቂያ ለማሳደስ ቀበሌ ይዣት ሄድኩ። ሦስት ቀን ተመላለስን። አንድ ቀን ማኅተሙ ተቆልፎበታል ተባልን፣ በማግስቱ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ናቸው፣ በሦስተኛው ቀን ፋይሏ ጠፋ። አያቴ ነጠላዋን ተከናንባ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ፣ ከእኛ በኋላ የመጣ ሰው በጎን በር ገብቶ ጉዳዩን ጨርሶ ወጣ። ፋይሉን ያገኘሁት እኔው ነኝ። በስሟ ሳይሆን በሟች ባሏ ስም ነበር የተቀመጠው።

የቱን ልምረጥ? አባቴንስ ምን ልበላቸው? ሲኒየሮች «ሁለቱም ሥራ የላቸውም» እያሉ ያስፈራሩኛል።

ግራ የገባኝ ተማሪ፣ ከደሴ

*

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ፖለቲካል ሳይንስ የጻፍሽው አንድ መስመር ነው፤ የአያትሽ ፋይል ግን ከሁሉም በላይ ቦታ ወሰደ። መልስሽ እዚያው ያለ ይመስለኛል።

ሁለቱ ትምህርቶች ዘመዳሞች ናቸው። ፖለቲካል ሳይንስ «ሥልጣን ከየት መጣ? ማን ያዘው? በምንስ መብት?» ይላል። ሕገ መንግሥት፣ ፌደራሊዝም፣ ምርጫ፣ የውጭ ግንኙነት እያለ ይቀጥላል። ፐብሊክ አድሚኒስትሬሽን የሚጀምረው ነገሩ ከተወሰነ በኋላ ነው። ሕጉ ወጣ፣ በጀቱ ጸደቀ፤ ታዲያ አያትሽ ዘንድ እንዴት ይድረስ? ማን ይቀጠር፣ ማን ይፈርም፣ ፋይሉስ በማን ስም ይቀመጥ? ውድሮው ዊልሰን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት፣ መምህር ሳለ፣ በፈረንጆቹ 1887 ባወጣው ጽሑፍ አስተዳደርን ከፖለቲካ ለይቶ ማጥናት ይገባል ብሎ ነበር። ወረቀት ላይ ይለያያሉ። ያ በጎን በር የገባው ሰውዬ ግን የየትኛው ኮርስ ምሳሌ እንደሚሆን እኔም አላውቅም፤ የሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

እኛም አገር ጥያቄው የቆየ ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. የታተመላቸው መጽሐፍ ርእስ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። የአንቺን ሁለት ምርጫዎች በአንድ መስመር ጽፈዋቸዋል ማለት ነው። ጸሐፊው ድሬዳዋ ላይ የጉምሩክ ሹም የነበሩ ሰው ናቸው፤ ቢሮን ከውስጥ ያውቁታል።

ወደ ሥራው ልምጣ። ሲኒየሮችሽ ጨርሰው አልዋሹሽም፣ ግን ከመደናገጥሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። ነገ ከሰዓት ከተማ አስተዳደሩ በር ላይ ያለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ዘንድ ሄደሽ ቆመሽ አንብቢ። የሰው ሀብት፣ የዕቅድና በጀት፣ የቅሬታ ሰሚ መደቦችን ፈልጊ። ከ«ተፈላጊ የትምህርት ዓይነት» ሥር የትኛው ስም ስንት ጊዜ እንደተጻፈ፣ «ዜሮ ዓመት የሥራ ልምድ» የሚለውም ስንት ቦታ እንዳለ በደብተርሽ ቁጠሪ። ከማንም ሲኒየር ወሬ ያ ገጽ ይሻልሻል። የመንግሥት ደሞዝ ትንሽ መሆኑን ግን አልደብቅሽም፤ እናትሽ ባንክ ያሉት ወደው አይደለም። የመውጫ ፈተናውንም አትርሺ፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከመቶ 50 ሳያመጡ መመረቅ የለም። ሃንድአውት ሸምድዶ ለሚድን ተማሪ ጊዜው አልፏል።

እኔ ብሆን ፐብሊክ አድሚኒስትሬሽንን አንደኛ አድርጌ እሞላ ነበር። ሥልጣንን የሚመለከቱ ኮርሶች እዚያም አሉ፤ የቀረውን ከቤተ መጻሕፍት ታሟይዋለሽ። ኤክሴልና የበጀት ሠንጠረዥ ማንበብ ደግሞ ከወዲሁ ልመጂ። ሦስት መስመር የማትሞላ ጥርት ያለች የአማርኛ ደብዳቤ መጻፍም እንደዚሁ። ይሄን የሚችል ሰው ቢሮ ውስጥ ይፈለጋል፤ ስንቱ ዲግሪ ይዞ እንደማይችለው ብታዪ ትገረሚያለሽ።

አባትሽን ለማሳመን ብለሽ አትግቢ። የተናገሩት ለተረቱ ብለው አይደለም፣ ፈርተውልሽ ነው። «ኮረንቲም እኮ የሚጠግነው ሰው ይፈልጋል» ልትያቸው ያምርሽ ይሆናል፤ እኔ ለአጎቴ ብዬው ወር ሙሉ አኩርፎኛል። ይልቅ አንድ ቀን ቡና ላይ ስለ ወንድማቸው ጠይቂያቸው፤ ምን ይወድ ነበር፣ ምን ያነብ ነበር? መልስ ባይሰጡሽም አትጫኛቸው። ሲረጋጉ የቀበሌውን ታሪክ ንገሪያቸው፤ የተመላለሱት እናታቸው ወይ አማታቸው ናቸውና ይገባቸዋል። ይሄ ትምህርት የፓርቲ አባልነት ፎርም እንዳልሆነም ከኮርሶቹ ዝርዝር ጋር አሳያቸው። ዝርዝሩን ዲፓርትመንቱ ቢሮ ብትጠይቂ ይሰጡሻል።

ለመሆኑ የአያትሽ መታወቂያ ታደሰ? ፋይሉ ተገኘ ብለሽ እዚያው ላይ አቆምሽብኝ።