መዳቡ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ? ዱባይ በቤት ሠራተኝነት እሠራለሁ። ቤቱ ውስጥ ትልቅ የኮራል አኳሪየም አለ። መስታወቱን የምወለውለውም፣ ውሃ ሲጎድል የምሞላውም እኔ ነኝ። ሰሞኑን ኮራሎቹ ተኮማተሩ፣ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። ዓሦቹ ግን ደህና ናቸው። ባለቤቱ ውሃውን ላብራቶሪ ላከ፤ ውጤቱም ቀይ በቀይ ሆኖ መጣ። ካልሲየም 470፣ ማግኒዥየም 1475፣ ፖታሲየም 455 ሚሊግራም በሊትር። መዳብ 38፣ ኒኬል 24፣ ዚንክ 4፣ ፎስፈረስ 30 ማይክሮግራም በሊትር። ማዳሜ «የጽዳት ኬሚካል ገብቶበት ነው፤ ያንቺ ሥራ ነው» ትለኛለች። እኔ ምንም አልጨመርኩም። ወረቀቱ ምን ይላል?
አንባቢያችሁ፣ ከዱባይ

መልስ፦ እህቴ፣ ወረቀቱ ካንቺ ጎን ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ፤ ለባለቤቱም አሳዪው።

እንዲህ ያለ ውጤት ሲደርሰኝ ቀዩን ቀለም ለጊዜው እተወዋለሁ። ላብራቶሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚያወዳድሩት ጨዋማነቱ 35 ከሆነ የባሕር ውሃ ጋር ነው፤ በአንድ ኪሎ ውሃ 35 ግራም ጨው ማለት ነው። በዚያ ውሃ ውስጥ ካልሲየም 412፣ ማግኒዥየም 1290፣ ፖታሲየም 399 ገደማ ነው። ከእናንተው ጋር አስተያዪው። ሦስቱም በ14 በመቶ ያህል በልጠዋል፤ እኩል። ወጥ ሲመጥ ጨውም ቅመሙም አብሮ እንደሚጠነክረው ነው። ስለዚህ የተበላሸው ካልሲየሙ ወይም ማግኒዥየሙ አይደለም፤ ጨዋማነቱ 40 ገደማ ደርሷል።

ዱባይ ላይ ይህ አይገርምም። የባሕረ ሰላጤው ውሃ ራሱ 40 አካባቢ ነው፤ አኳሪየሙ በባሕር ውሃ ተሞልቶ ከሆነ መልሱ እዚያ ነው። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። የጎደለውን በምን ውሃ ነው የምትሞዪው? ውሃ ሲተን ጨው አብሮ አይተንም። በጨው ውሃ ከተተካ ጨዋማነቱ በየሳምንቱ ይወጣል። የተነነውን የሚተካው የተጣራ፣ ጨው የሌለው ውሃ ብቻ ነው። የባሕረ ሰላጤው ኮራሎች ይህን ጨው ለምደውታል፤ በነሐሴ ከ35 ዲግሪ የሚያልፍ ሙቀትም ይችላሉ። የሱቅ ኮራል ግን ብዙ ጊዜ ከኢንዶኔዥያ ወይም ከአውስትራሊያ ነው የሚመጣው፤ እሱ የለመደው 34 እና 35ን ነው። ጨዋማነቱን ቀስ እያላችሁ፣ በሳምንታት ውስጥ አውርዱት። በአንድ ቀን ብታወርዱት ዓሦቹንም ትጎዳላችሁ።

ፎስፈረሱ አያሳስብሽ። ወደ ፎስፌት ሲቀየር በ3.07 ይባዛል፤ 0.09 ሚሊግራም ይሆናል። ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ ቀንድ አውጣ አይገድልም።

አሁን ወደ መዳቡ። በተፈጥሮ የባሕር ውሃ ውስጥ መዳብ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ማይክሮግራም በታች ነው። 38 በጨዋማነት አይመካኝም። ዓሣ የሚችለውን መዳብ ቀንድ አውጣና ኮራል አይችሉትም፤ ያየሽውም ይህንኑ ነው።

ከየት መጣ የሚለውን የሚነግረን አብሮት ከፍ ያለው ኒኬል ነው። የቤት ማጽጃ፣ በረኪናም ሆነ ሳሙና፣ እንደ ደንቡ መዳብም ኒኬልም የለውም። መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ቢሆን መዳቡ ብቻውን ይወጣ ነበር። የነሐስ (የመዳብና የዚንክ ቅይጥ) ቧንቧ ወይም መገጣጠሚያ ቢሆን ዚንኩም አብሮ ከፍ ይል ነበር፤ የእናንተ ግን 4 ብቻ ነው። መዳብና ኒኬል ተያይዘው ሲወጡ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ማግኔት ነው። ጠንካራዎቹ ማግኔቶች በብዛት የሚለበጡት በኒኬል፣ ከዚያ በመዳብ፣ ከዚያ እንደገና በኒኬል ነው። የፕላስቲክ ሽፋናቸው ሲሰነጠቅ የጨው ውሃ ይበላቸዋል። «ታዲያ ማግኔቱ ውስጥ ያለው ብረት የታለ?» የሚልሽ ካለ፣ ብረት በጨው ውሃ ውስጥ ቶሎ ዝገት ሆኖ ስለሚዘቅጥ ምርመራው ላይ እምብዛም አይታይም።

ባለቤቱ መጀመሪያ ፓምፖቹን ከኤሌክትሪክ ይንቀል። ከዚያ ማግኔት ያለበትን ሁሉ አውጡ፦ የመስታወት መጥረጊያውን፣ የሞገድ ፓምፖቹን፣ የኮራል መደርደሪያውን መያዣ። ፓምፑን ፈታችሁ ውስጡ የሚሽከረከረውንም እዩ። ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ ያለው ነገር ወደ ውሃው አይመለስ። ከዚያ ከውሃው የተወሰነውን በአዲስ ለውጡ፤ መዳብ የሚይዝ ማጣሪያም ከሱቅ ይገዛ። ድንጋዮቹ የያዙትን መዳብ ቀስ እያሉ መልሰው ሊለቁ ስለሚችሉ ማጣሪያውን ቶሎ አታንሱት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለት ጠርሙስ ላኩ፤ አንዱ የአኳሪየሙ፣ ሌላው የምትሞዪበት የተጣራ ውሃ። በሁለተኛው ውስጥ መዳብ ከተገኘ ጥፋቱ የማጣሪያው ወይም የቤቱ ቧንቧ ነው፤ ያኔም ቢሆን አንቺ የለሽበትም። እስከዚያ አዲስ ኮራልም ቀንድ አውጣም አይግዙ።