«ሌሊት ሌሊት አለቅሳለሁ፣ ልጄን እየጎዳሁት ነው?» ላልሽው የፍኖተ ሰላም እህቴ

ጥያቄሽን አነበብኩት። የአምስት ወር እርጉዝ ነሽ፣ የመጀመሪያሽ ነው፣ ባልሽ ለሥራ ርቆ ሄዷል፣ አንቺ አማትሽ ጋ ነሽ። እንቅልፍ እምቢ ብሎሻል፣ ሌሊት ታለቅሻለሽ፣ እህል አይጥምሽም። ሰው ሁሉ «ተይ ልጁ ይጎዳል» ይልሻል። እውነት ይጎዳል ወይ፣ ጸበል ልሂድ ወይስ ሐኪም ጋ ነው ያልሽው። ከኔ በፊት የመለሱልሽ ግማሾቹ «ጸልዪ»፣ ግማሾቹ «ደስ የሚልሽን ነገር አስቢ» ብለውሻል። ደስ የሚል ነገር ማሰብ ብትችልማ መች ትጠይቅ ነበር?

እኔ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ልጃችንን ሳረግዝ ከአዲስ አበባ መተማ ይመላለስ ነበር፤ መንገድ ሲዘጋማ ወሩን ሙሉ አላየውም። እኔም አማቴ ቤት ነበርኩ። ስለዚህ የኔና ያንቺ ነገር አንድ ነው ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ልጄ ዘንድሮ ኬጂ ገብቷል፣ ለፍልፎ ሰው አያስተኛም።

1. መጀመሪያ ፍርሃቱን እናውጣው። አንድ ሌሊት አልቅሰሽ ስላደርሽ ወይ ከአማትሽ ጋር ተኳርፈሽ ስለዋልሽ ልጅሽ አይጎዳም። ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ይኼ ሆርሞን በእርግዝና ጊዜ ድሮውንም ከፍ ይላል፤ እንግዴ ልጁ ደግሞ አብዛኛውን ልጁ ጋ ሳይደርስ ያከሽፈዋል። የሚያሳስበው ለሳምንታት የሚቆይ፣ ያልታከመ ከባድ ድብርት ነው። እሱ ከ37 ሳምንት በፊት ከመውለድና ልጁ ከ2.5 ኪሎ በታች ሆኖ ከመወለድ ጋር ይያያዛል። ዕድሉን ከፍ ያደርጋል ማለት ነው እንጂ ያንቺ ልጅ የግድ እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም። ከዚያም ሌላ፣ የደበራት ሴት አትበላም፣ አትተኛም፣ ክኒኗን ትረሳለች፣ ከክትትል ትቀራለች። ልጁን የሚጎዳው አንዱ መንገድ ይኼ ነው። ይኼ ደግሞ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው።

ለኔ ይኼን የነገረኝ አልነበረም። የተነገረኝ ሌላ ነው።

2. የክትትል ክፍሉ። የትኛው ጤና ተቋም እንደሆነ አልጽፍም። ከጠዋት ጀምሬ ተሰልፌ ገባሁ። ባለሙያዋ ደም ግፊቴን ለካችኝ፣ ሚዛን ላይ አወጣችኝ፣ የልጁን የልብ ምት አዳመጠች። «ሌላ ችግር አለ?» አለች። እኔም ከልቧ መስሎኝ «እንቅልፍ የለኝም፣ ዝም ብሎ ያስለቅሰኛል» አልኳት። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ታዲያ ልጁን ልትገድይው ነው? ለሱ ስትይ እንኳ አትስቂም?» አለችኝ። በሩ ክፍት ነው። ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሁሉ ሰሙ፤ አንዷ ሳቀች። ካርዴን ገፋ አድርጋ «ቀጣይ!»።

እህቴ፣ በባጃጅ ስመለስ ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ ነው የሄድኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ለቅሶዬ ሁሉ ወንጀል ሆነብኝ። እንባዬ ሲመጣ «ገደልኩት» እላለሁ፣ «ገደልኩት» ስል ይብስብኛል። ልጁ ትንሽ ዝም ካለ እንቅልፍ የለም፣ ከተራገጠም «ተጨንቆ ነው» እላለሁ። የሚቀጥለው ቀጠሮ ሲደርስ እግሬ እምቢ አለኝ። ክትትል እንዳይቀርብኝ ተቀጥራ የተቀመጠችው ሴት ናት ከክትትል ያስቀረችኝ። ግል ክሊኒክ እየሄድኩ አልትራሳውንድ አሳየሁ። «ልጁ ደህና ነው» ይሉኛል፣ ከፍዬ እወጣለሁ፣ በሳምንቱ ተመልሼ እገባለሁ። ባሌ የላከው ብር እዚያ አለቀ። አንድ ሰው «አንቺስ እንዴት ነሽ?» አላለኝም።

ሴትየዋን እስካሁን ገበያ ላይ ሳያት መንገድ እቀይራለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት በታዳጊ አገሮች ካሉ ነፍሰ ጡሮች 15.6 በመቶ የሚሆኑት የአእምሮ ጤና እክል እንደሚገጥማቸው ይናገራል። በብዛት ድብርት ነው። ከወለዱት ደግሞ 19.8 በመቶ። ያን ቀን ወንበሩ ላይ ከነበርነው እኔ ብቻ አልነበርኩም ማለት ነው። የሳቀችውም ልትሆን ትችላለች።

እና አንቺ ስትሄጂ እንዲህ አድርጊ። በሩን ዝጉልኝ በይ። ከዚያ «ጨንቆኛል» ብለሽ ብቻ አትተዪው፤ እርጉዝ ሁሉ ይጨንቃታል ብለው ይሸኙሻል። በሌሊት ስንት ሰዓት እንደምትተኚ፣ በቀን ስንቴ እንደምትበዪ፣ እንዲህ መሆን ከጀመርሽ ስንት ሳምንት እንደሆነሽ፣ ድሮ ትወጂው የነበረውን ምን እንደተውሽ ንገሪያቸው። ከ2 ሳምንት በላይ ከሆነ ሕክምና የሚያስፈልገው ነገር ሊሆን ይችላል። ካልሰሙሽ ሌላ ባለሙያ ጠይቂ። አትፈሪ፣ የወሊድ ክትትል በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው፤ ውለታ አይደለም የሚውሉልሽ። ክትትሉ 8 ጊዜ እንዲሆን ነው የሚመከረው። አንዷ ክፉ ሰው የቀሩትን ቀጠሮዎች እንዳታስቀርሽ።

3. የጤና ኤክስቴንሽኗ። እኔን ያወጣችኝ እሷ ናት። ስለ ሽንት ቤት ጉድጓድ ልትጠይቅ ነው የመጣችው። አማቴ ገበያ ወጥታለች። በሩን ስከፍትላት ፊቴን አይታ ጉድጓዱን ረሳችው። ቁጭ አለች። «ስንት ወርሽ ነው? ክትትል የት ነሽ?» ስትለኝ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አልመከረችኝም፣ አልገሠጸችኝም። በማግስቱ ጤና ጣቢያ አብራኝ ሄዳ ወደ ሆስፒታል ሪፈር አጻፈችልኝ።

ይቺን ሪፈር ልብ በይልኝ። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካላችሁ ያለ ሪፈር ወረቀት ቀጥታ ሆስፒታል ብትሄጂ ከኪስሽ ነው የምትከፍይው። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሆስፒታል። አንቺ ደግሞ የፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አጠገብሽ ነው፣ እዚያ ጠይቂ። ማርቆስም፣ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትም የአእምሮ ሕክምና አለ።

«የአእምሮ ሕክምና» የሚለውን ታፔላ ሳይ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ነው የተከናነብኩት። የሠፈር ሰው ቢያየኝ «የነእገሌ ምራት አበደች» ሊባል ነው። ውስጥ ያገኘሁት ነርስ ታናሽ ወንድሜን የሚያክል ልጅ ነው። በሩን ዘጋ። ላለፉት 2 ሳምንታት ብሎ 9 ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ድካም፣ ራሴን ስለ መውቀስ፣ መጨረሻ ላይ መሞት ያምርሽ እንደሆነ። የመጨረሻውን ስመልስ አለቀስኩ፤ «አልቅሺ፣ ልጁ ምንም አይሆንም» አለኝ። ይኼን የሚል ሰው ስጠብቅ ነበር ስንት ወር!

ደም አሰርቶኝ ሄሞግሎቢኔ ከ11 በታች ሆኖ ተገኘ። ደም ማነስ ማለት ነው፤ እሱም ድካሙንና መደበሩን ያባብሳል። መድኃኒት ሳይሆን በንግግር ነው የጀመረልኝ፤ በቀጠሮ እየሄድኩ እናወራለን። ከኔ የባሰ ሕመም ያለባቸውን መድኃኒት ያስጀምሯቸዋል። ላንቺም ካዘዙልሽ የጎረቤት ወሬ ሰምተሽ በራስሽ እንዳታቋርጪ። ከእርግዝናው በፊት የምትወስጂው ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ንገሪያቸው። እንደ ሶዲየም ቫልፕሮኤት (ለሚጥል በሽታና ለአንዳንድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጥ ነው) ያሉ ጽንስ የሚጎዱ አሉ፣ ሐኪሙ ይቀይርልሻል።

4. ምግብ። እዚህ ላይ ከአማቴ ጋር የተጣላነውን ልንገርሽ። ሁዳዴ ነበር። እሷ እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች፣ እኔ ስበላ ታየኛለች። አንድ ቃል አትናገርም፣ ግን ዓይኗ! እኔም እየተሳቀቅኩ መጾም ጀመርኩ። የንስሐ አባቴ ለሌላ ጉዳይ ቤት መጥተው ከስቼ ሲያዩኝ «እርጉዝ ነሽ፣ ማን ጹሚ አለሽ?» ብለው እሷ ፊት ተቆጡኝ። እሷም ሰማች። በማግስቱ ገንፎ ራሷ አገንፍታ አቀረበችልኝ፤ ይቅርታ በአፍ አይባልም እኛ ቤት። አንቺም የንስሐ አባት ካለሽ ጥሪያቸውና እሳቸው ይናገሩልሽ። አማት የምራቷን ቃል አትሰማም፣ የአባን ትሰማለች።

ቡና ቀንሺ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለሽ ማታ ከጠጣሽ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ብትዪ ማን ይፈርድልሻል? የብረት ክኒኑንም ከቡናና ከሻይ አርቀሽ ውሰጂው፣ ሰውነትሽ ብረቱን እንዳይወስድ ያደርጋሉ።

5. ጸበሉስ? ሂጂ። እኔም ሄጃለሁ፣ ልቤን አሳርፎልኛል። ግን በባዶ ሆድ ውለሽ፣ ከባድ ስግደት ሰግደሽ፣ ክኒንሽን ጥለሽ አይሁን። ጸበሉም ሐኪሙም ይሁን። አንዱን ካልተውሽ የሚልሽ ሰው ካለ እሱን ተዪው።

6. ባልሽ… እውነቱን ልንገርሽ፣ ቁጥሩን ከዚህ በኋላ ተውኩት። ባሌን መጀመሪያ ክፉኛ ተቀይሜው ነበር። ሲደውል «ደህና ነሽ?» ይላል፣ «ደህና ነኝ» እላለሁ፣ ይዘጋል። ነርሱ ነው አንድ ቀን ይዘሽው ነይ ያለኝ። መጣ። እዚያ ቁጭ ብሎ ሲሰማ ያ ግዙፍ ሰውዬ ላብ ላብ አለው። «እኔ እኮ ብር ካነሳት ብዬ ነው የምሮጠው» አለ። ከዚያ በኋላ የትም ይደር የት ማታ ማታ ይደውል ነበር። ኔትወርክ በጠፋ ጊዜ እንኳ በሌላ ሾፌር መልእክት ይልክብኝ ነበር። ለባልሽ «አስብልኝ» አትበዪው፤ ምን እንደምትፈልጊ ቁርጡን ንገሪው። ማታ 2 ሰዓት ደውል፣ ለክትትል ና፣ ለእናትህ እንጨትና ውኃ እንዳታሸክመኝ ንገራት። ወንድ ካልተነገረው አይገባውም፤ የኔ እንኳ አልገባውም ነበር።

አንድ ነገር ላይ ቀልድ የለም። መሞት ካማረሽ፣ ራስሽን ወይ ልጁን ልጎዳ የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ቀጠሮ አትጠብቂ። ለአንድ ሰው ተናገሪ፣ ያን ሌሊት ብቻሽን አትደሪ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂጂ።

ከወሊድ በኋላም ያው ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ መባስና ማልቀስ ብዙ አራስ ላይ አለ፤ ብዙውን ጊዜ በ2 ሳምንት ውስጥ ይተዋል። ካልተወ ተመለሺ። አራሷ ጭራሽ እንቅልፍ ካጣች፣ የሌለ ድምፅ ከሰማች፣ ንግግሯ ከተቀየረ ግን ትራሷ ሥር ብረት አድርጎ መጠበቅ አይበቃም። ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬድ ነገር ነው። ይኼን አማትሽ ከአሁኑ እንድታውቅ ንገሪያት። አራስ ቤት ሆነሽ ራስሽ ማስረዳት አትችዪም።

እኔ በጊዜዬ፣ በ39 ሳምንቴ፣ 2.9 ኪሎ ወንድ ልጅ ወለድኩ። ያ ሁሉ እንባ ፈሶ! «ልትገድይው ነው?» ያለችኝ ሴት ክትባት ሲከተብ አይታዋለች፣ «እንዴት ወፍሯል!» አለች። መልስ አልሰጠኋትም።

ቀጠሮሽ መቼ እንደሆነ ጻፊልኝ። ወደ ማርቆስ ሪፈር ከጻፉልሽ ብቻሽን እንዳትመጪ፤ ከመናኸሪያ እቀበልሻለሁ፣ ቤቴ ለሆስፒታሉ ቅርብ ነው፣ አዳርም አለ።